ከሌላ ሙያ ወደ ታሪክ መምህርነት የመጣችሁ፣ ክፍል ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። በታሪክ ነው የተመረቅኩት፤ ሥራ ያገኘሁት ግን ባንክ ነበር። ዓመታት መስኮት ላይ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ቆጠርኩ። አሁን የዘጠነኛ ክፍል ታሪክ እንዳስተምር ዕድል መጣ፤ ሳላቅማማ እሺ አልኩ። ትምህርት ሊጀመር ትንሽ ነው የቀረው። እንቅልፍ ከዓይኔ ጠፍቷል።

የምፈራው ልጆቹን አይደለም። የምፈራው እኔ ራሴ ተማሪ ሆኜ የተቀመጥኩበትን ክፍለ ጊዜ መድገም ነው። መምህሩ ያስጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ፈተና ላይ የገለበጥነውን እንመልሳለን፣ ከዚያ ሁሉም ብን ብሎ ይጠፋል።

ከሌላ ሙያ ወደ ታሪክ መምህርነት የገባችሁ ካላችሁ፣ ምን አመጣችሁ? ከቀድሞ ሥራችሁ ክፍል ውስጥ የጠቀማችሁ ነገርስ አለ? "ትዕግሥት ይኑርሽ" የሚል ምክር ከእናቴ በቂ ደርሶኛል። እናንተ የምትሠሩትን ንገሩኝ።

የቀድሞ ኦዲተር፦

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። መስኮት ላይ ገንዘብ ከቆጠርሽ ዘመዴ ነሽ። እኔ ኦዲተር ነበርኩ።

ታሪክ የጀመርኩት ከፔሮል ነው፤ አትሳቂ። ሊዘጋ የተቃረበ አንድ ድርጅት ሂሳቡ እንዲጣራ ታዝዞ፣ ከመጋዘን የወጣ አቧራ የጠጣ ፋይል ተከመረልን። የእኔ ድርሻ የደመወዝ መክፈያዎቹን ማገላበጥ ነበር። ስም፣ የሥራ መደብ፣ የተከፈለ፣ ፊርማ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። በስሙ ትይዩ በየወሩ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ ሰማያዊ፣ አንዳንዴ የተጨማለቀ። ገጽ ስገልጥ፣ ስገልጥ፣ አንድ ወር ላይ አሻራው ቀረ። በቦታው ስሙ ተጽፏል። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ የመጨረሻዋ ከሳጥኑ አምልጣ የጎረቤት መስመር ውስጥ ገብታለች። ከዚያ ወዲህ ጽሑፉ ወር በወር እየጠበበ፣ እየፈጠነ ሄደ። ወደ መጨረሻው እንደማንኛችንም ፊርማ የማይነበብ ሆነ።

ለሂሳቡ ይህ ምንም አይደለም። ክፍያው ትክክል ነው፤ ራይት አድርጌ አለፍኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ሳስብ የማመሸው ስለ እሱ ነበር። ማን አስተማረው? ከሥራ በኋላ እየሄደ ነው? ሰነዱ አይነግርም። ሰነዱ የተዘጋጀው ደመወዝ እንዳይሰረቅ ነው እንጂ፣ አንድ ሰው በጎልማሳነቱ ፊደል መቁጠሩን ለመመዝገብ አይደለም። ሳያስበው መዘገበው።

ከዚያ በኋላ ነው በማታ ታሪክ መማር የጀመርኩት። ቀጥሎ የመምህርነት ሥልጠና ወሰድኩ። ደመወዜ ቁልቁል ወረደ። እናቴ "ሰው ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ አንተን ምን ነካህ?" አለችኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም። አሁንም በወር መጨረሻ የለኝም።

ክፍል ውስጥ የማደርገው ያንኑ ኦዲት ነው። ማንኛውም ጽሑፍ ሲቀርብ ተማሪዎቼ አራት ጥያቄ ይጠይቁታል። ማን ጻፈው? ለማን? ምን ሊያገኝበት? ይህን የሚያጣራ ሌላ ወረቀትስ አለ? ዋናው አራተኛው ነው። በእኛ ሥራ አንድ ደረሰኝ ብቻውን ብዙ አያወራም። ከባንክ ስቴትመንትና ከስቶክ ካርድ ጋር ሲተያይ ነው አፍ የሚያወጣው።

ዓመቱን የምከፍተው በኤአ-ናጺር ጉዳይ ነው። ሰውየው ከክርስቶስ ልደት በፊት 1750 ገደማ በኡር ከተማ፣ በዛሬዋ ደቡብ ኢራቅ፣ የኖረ የመዳብ ነጋዴ ነው። ናኒ የሚባል ደንበኛው በሸክላ ጽላት ላይ ስሞታ ጻፈበት። ጥሩ መዳብ አቀርባለሁ ብለህ መናኛውን አመጣህ፤ ገንዘቤን እንዲቀበል የላክሁትን ሰው ንቀህ በጠላት አገር በኩል ባዶ እጁን መለስከው፤ ከእንግዲህ ግቢዬ ውስጥ አንድ በአንድ መርጬ ነው የምረከብህ ይላል፤ ባጭሩ። ጽላቱ ዛሬ ያለው ብሪቲሽ ሙዚየም ነው።

ይህንን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሁሉም ወዲያው ለናኒ ያደላል። "ሌባ ነው ቲቸር!" ሰሌዳው ላይ "ሌባ" ብዬ እጽፋለሁ፤ ከጎኑ "ማስረጃ?" ብዬ ዝም እላለሁ። አንዱ "ደብዳቤው አለ አይደል" ይላል። አንዷ "ደብዳቤውን የጻፈው እኮ ራሱ ከሳሹ ነው" ትላለች። ዋጋ ለማስቀነስ ቢሆንስ? መዳቡን ካየው በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ቢሆንስ? ክርክሩ ሲጦፍ ሁለተኛውን ማስረጃ አወጣለሁ። የነጋዴው ነው ተብሎ በሚታመነው ቤት ውስጥ ከሌሎች ደንበኞችም የተጻፉ ስሞታዎች ተገኝተዋል። የነጋዴው ጠበቆች ይቀዘቅዛሉ። ይሄኔ ግን አንድ ልጅ አይጠፋም፤ "እሺ፣ ስሞታዎቹን ለምን አልጣላቸውም?" ብሎ የሚጠይቅ። ሊከራከርባቸው ነው? ረስቷቸው ነው? እየተሳለቀ ነው ያስቀመጣቸው? ደወል እስኪደወል አይለቁትም። ማንም የታወቀ መልስ የለውም፤ እኔም ያለኝ አላስመስልም።

የሙያ ኩራቴን ቻሉኝና፣ ጽሕፈትን ራሱን ከጀመሩት መካከል የእኛ የሂሳብ ሠራተኞች አሉበት። ከኡሩክ የተገኙት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3300 ገደማ ጀምሮ የተጻፉ ጥንታዊ ጽላቶች በአብዛኛው የገብስ፣ የቢራና የበግ ገቢና ወጪ ናቸው። ልጆቹ ጥንታዊ ጽሑፍ ሲባል ጸሎትና የፍቅር ግጥም ይጠብቃሉ። የሚያገኙት የንብረት ክፍል መዝገብ ነው።

ነገሥታት ላይ ስንደርስ የቃዴሽ ከተማ ጦርነት ይመጣል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1274 ገደማ የግብፁ ንጉሥ ራምሴስ ሁለተኛ ከኬጢያውያኑ ንጉሥ ከሙዋታሊ ጋር ተዋጋ። ራምሴስ ብቻውን ሠረገላው ላይ ሆኖ ጠላቱን እንደ ፈጀ በየቤተ መቅደሱ ግድግዳ አስቀረጸ። ግድግዳውን ብቻ ያነበበ ልጅ "ግብፅ ድል አደረገች" ብሎ ይጽፋል። ከጦርነቱ በኋላ ግን ቃዴሽ በኬጢያውያን እጅ ነበረች። ዓመታት አለፉና፣ በ1259 ገደማ፣ ራምሴስ ከኋለኛው የኬጢያውያን ንጉሥ ከሐቱሲሊ ሦስተኛ ጋር የሰላም ውል ተዋዋለ። የሚገርመው ውሉ በሁለቱም ወገን ተርፎልናል። አንዱ በግብፅ ግድግዳ ላይ፣ ሌላው በኬጢያውያን ዋና ከተማ በሐቱሳ፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ፣ በሸክላ ጽላት ላይ። ግብፆች ሰላም ለመጠየቅ የመጡት ኬጢያውያኑ ናቸው ይላሉ። እነዚያ ደግሞ የጠየቀችን ግብፅ ናት ይላሉ።

ክፍሉን ለሁለት እከፍላለሁ። ግራው የግብፁን ብቻ፣ ቀኙ የኬጢያውያኑን ብቻ ያገኛል። አራት አራት መስመር ዘገባ ይጽፋሉ። ከዚያ ይለዋወጣሉ። መጀመሪያ "የተሳሳተ ወረቀት ሰጥተኸናል" ይሉኛል።

እዚህ ጋ አንድ አደጋ አለ፤ ተጠንቀቂ። ልጆቹ ቶሎ ብለው "በቃ ሁሉም የየራሱ እውነት አለው" ወደሚለው ይሮጣሉ። ይህ ለሰነፍ የተመቸ መደምደሚያ ነው፤ ኦዲተር እንዲህ ብሎ ሪፖርት ቢጽፍ ይባረራል። ሁለቱ ሰነዶች የሚስማሙበት ብዙ ነገር አለ። ውል መደረጉ፣ አንዱ ሌላውን ላይወጋ መስማማቱ፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሸሸ ሰው እንዲመለስ መባሉ ሁለቱም ላይ ተጽፏል። ሁለት የማይዋደዱ ሰዎች አንድ ነገር ከተናገሩ እዚያ ላይ መቆም ይቻላል። ያልተስማሙበትን ደግሞ ለምን ብለን እንመረምራለን። ራምሴስ ለሕዝቡ "እኔ ነኝ የለመንኩት" ሊል አይችልም።

ስለ አቅርቦት አትጨነቂ። ፎቶ ኮፒ ከሌለ አምስት መስመር ሰሌዳ ላይ ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ልጆቹ መገልበጥ ይጀምራሉ፤ ማሰብ ያቆማሉ። ጩኸት ግን ይኖራል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ አለቃ በር ከፍተው "ይህ የታሪክ ክፍል ነው ወይስ ስብሰባ?" ብለውኝ ያውቃሉ። ሁለቱም ነው ብያቸው በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ጠመኔ፦

ወንድሜ ኦዲተር፣ ጨዋታህ ይጥማል። ልጂቱን ግን በአንድ እግር እንዳታቆማት።

እኔ ወደዚህ ሥራ የመጣሁት በፔሮል ፍቅር አይደለም። ምድብ ሲወጣ ታሪክ ደረሰኝ፤ በቃ። አልቅሻለሁ። ጸጉሬ የሸበተው እዚሁ ጠመኔ ውስጥ ነው፤ አሁን ሌላ ሥራ ስጡኝ አልልም።

የአሁን ጀማሪዎች "ዓመተ ምሕረት ማሸምደድ ቀረ" ሲሉ ደሜ ይፈላል። ሽምደዳ ይቅር፤ እስማማለሁ። ቅደም ተከተል ግን ሊቀር አይችልም። የምዕራባውያኑ የጦር ኅብረት ኔቶ የተመሠረተው በፈረንጆቹ 1949 ነው። የሶቪየት ወገን የጦር ኅብረት፣ የዋርሶ ስምምነት፣ በ1955። ይህንን የማያውቅ ልጅ ማን ለማን መልስ እንደሰጠ በምን ይለየዋል? ሜይ 1955 ላይ ምዕራብ ጀርመን ኔቶ ውስጥ ገባች፤ ቀናት ሳይቆጠሩ ሜይ 14 ቀን ዋርሶ ላይ ተፈረመ። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ስታስቀምጪያቸው ምክንያቱን ልጁ ራሱ ይናገረዋል። ቀን ከሌለ ምክንያትና ውጤት የሚባለው ነገር ተረት ነው።

የማደርገው ይህን ነው። ሰሌዳዬ ግርጌ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መስመር አለ፤ ከጎኑ "አይጠፋም" ተብሎ ተጽፏል። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይኖራል። አዲስ ትምህርት በመጣ ቁጥር አንድ ልጅ ተነስቶ ቦታውን ያስይዘዋል፤ ለምን ከዚህ በፊት፣ ለምን ከዚያ በኋላ እንዳደረገው ይናገራል። ጽዳት ያለባቸው ልጆች እንኳ በዳስተር አይነኩትም። ሌላ ክፍል የሚያስተምር ባልደረባ አንዴ አጥፍቶብኝ ነበር። ተማሪዎቹ ናቸው የተቆጡት።

ደግሞ ቀን ደረቅ ነው ያለው ማነው? የሩሲያን አብዮት ሳስተምር "የኦክቶበር አብዮት የተካሄደው በኖቬምበር ነው" ብዬ እጀምራለሁ። ይጮሁብኛል። ሩሲያ ያኔ የጁልያንን አቆጣጠር ትከተል ስለነበር በእነሱ ኦክቶበር 25 ቀን 1917 የተባለው በሌላው ዓለም ኖቬምበር 7 ነበር። በኋላ አዲሱ መንግሥት ወደ ግሪጎርያኑ ሲዞር ሰዉ ጃንዋሪ 31 ቀን 1918 ተኝቶ ፌብሩዋሪ 14 ላይ ነቃ። "በመሐል የተወለደ ልጅስ?" ይሉኛል። ቀን እንዲህ ነው የሚማረው።

ጀማሪዋ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጥያቄ ጠይቀሽ መልሱን ራስሽ አትመልሺ። ዝምታው ያስጨንቅሻል፤ ቻዪው። ልጆቹ ዝም ካሉ መምህሯ እንደምትናገር ካወቁ አለቀልሽ።

የኋላ ወንበር፦

እኔ መምህር አይደለሁም፤ ስሜ እንደሚለው ነኝ። ግን የታሪክ መምህራችንን እስካሁን የማስታውሰው በአንድ ነገር ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ነበርን። አንድ ልጅ ቪዲዮ አይቶ መጣና "ቲቸር፣ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ እኮ ሳንድዊች ሊበላ ወጥቶ ነው የኦስትሪያ-ሃንጋሪን አልጋ ወራሽ አግኝቶ የገደለው" አለ። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፣ አላሸማቀቀችውምም። "ሲበላ ያየው ማነው?" ብቻ አለች። ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠችን። ይህንን መጀመሪያ የተናገረውን ሰው ፈልጉ።

ፈለግን። በዘመኑ በተጻፈ ነገር ውስጥ ሳንድዊች የሚባል የለም። ያለው ይህ ነው። ጁን 28 ቀን 1914 ጠዋት ሳራየቮ ላይ ቦምብ ተወርውሮ አልጋ ወራሹን ፍራንዝ ፈርዲናንድን ሳተው፤ አጃቢዎችን አቆሰለ። ልዑሉ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ደርሶ ሲመለስ ቁስለኛውን ሆስፒታል ሄጄ ልጠይቅ አለ። መንገዱ መቀየሩን ለሾፌሩ የነገረው አልነበረም። ሾፌሩ በድሮው መንገድ ታጠፈ፣ ተሳስተሃል ሲባል ለመመለስ ቆመ፤ ፕሪንሲፕ እዚያው አጠገብ ቆሞ ነበር። አጠገቡ የምግብ ሱቅ መኖሩ እውነት ነው። ሳንድዊቹን ሌላ ሰው በኋላ ነው ያጎረሰው።

ያን ልጅ አሁንም አገኘዋለሁ። ፎርዋርድ የተደረገ ወሬ ስትልክለት የሚመልስልህ ያንኑ ነው፤ "ያየው ማነው?" ያናድዳል።

ጀማሪዋ፦

ጋሼ ኦዲተር፣ እትዬ ጠመኔ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የኋላ ወንበር፣ አንተ ደግሞ አሳቅኸኝ።

እትዬ፣ መስመሩን ወስጃለሁ። "አይጠፋም" የሚለውን በቀይ ነው የምጽፈው። ጋሼ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። ኤአ-ናጺርና ራምሴስ ሩቅ ናቸው። ወላጆቻቸው ቤት ውስጥ የሚጣሉበት ታሪክ ላይ ስደርስ ምን ላድርግ? ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ቀን ምን ይዤ ልግባ? መጽሐፍ ገና አልተሰጠንም።

የቀድሞ ኦዲተር፦

እትዬ ጠመኔ ያሉትን እቀበላለሁ። ቀን የሌለው ቫውቸር እኔም አልፈርምም።

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ፣ ሩቅ መሆናቸው ነው ጥቅማቸው። ራምሴስ የማንም አያት አይደለም። ልጆቹ አራቱን ጥያቄዎች ሳይቆጡ የሚለማመዱት በእሱ ላይ ነው። ወደ ቅርቡ ስትመጪ ጥያቄው አዲስ አይሆንባቸውም፤ እንደለመዱት "ማን ጻፈው፣ ለማን" ይላሉ። ዓመቱን በሚያቃጥለው ርዕስ ከጀመርሽ ግን የሚሟገቱት ልጆቹ አይሆኑም። በእነሱ አፍ ወላጆቻቸው ናቸው።

ቀላል ነው እያልኩሽ አይደለም። ሩዋንዳ በፈረንጆቹ ከ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ በኋላ የራሷን ታሪክ በትምህርት ቤት ማስተማር ለዓመታት አቁማ ነበር። የሚያስተምሩት ጠፍቶ ሳይሆን እንዴት ብለው ያስተምሩት? በሌላ በኩል ፈረንሳይና ጀርመንን ተመልከቺ። ከ1870 እስከ 1945 ባለው ጊዜ ሦስት ጊዜ ተዋግተዋል። በፈረንጆቹ 2003 የሁለቱ አገር ወጣቶች ተሰብስበው አንድ የጋራ የታሪክ መማሪያ ይዘጋጅልን አሉ። የመጀመሪያው ቅጽ በ2006 ወጣ፤ ይዘቱ አንድ፣ ቋንቋው ሁለት። ጦርነቱ ካበቃ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አስይው። ስለዚህ አንቺ በአንድ መንፈቅ ካልጨረስኩት ብለሽ አትታመሚ። እኔ በእንዲህ ያለ ርዕስ ላይ አንድ ደንብ አለኝ፤ ማንም ሰው የሌላውን ወገን ክርክር ባለቤቱ "አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት" እስኪለው ድረስ አስተካክሎ ሳይናገር የራሱን አይናገርም። ጊዜ ይፈጃል። ግማሹ ጸብ ግን እዚያው ይቀራል።

ለመጀመሪያው ቀን መጽሐፍ አያስፈልግሽም። የስም መዝገቡን ይዘሽ ግቢ። "ከመቶ ዓመት በኋላ ሁላችንም የለንም፤ የተረፈው ይህ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍል ምን ይታወቃል?" በያቸው። ስንት እንደነበሩ፣ ወንድ ሴቱ፣ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ዘመን ምን ዓይነት ስም ይወጣ እንደነበር፣ ማን አዘውትሮ እንደቀረ ያወጡልሻል። ቀጥለሽ "የማይታወቀውስ?" በይ። ማን ከማን ጋር ይቀመጥ እንደነበር፣ ማን እንደሚያስቅ፣ ያ ልጅ ለምን እንደቀረ። ይህን ለማወቅ ሌላ ምን ወረቀት ይፈለግ ነበር ብለሽ ሰሌዳው ላይ አስዘርዝሪያቸው። ሆስፒታል ካርድ የሚል፣ የስልክ መልእክት የሚል ይመጣል። ጠረጴዛ ላይ የተቧጨረ ስም ያለ ልጅም ገጥሞኛል። ክፍለ ጊዜው ሳታውቂው ያልቃል።

ብቻ መዝገቡን ከማሳየትሽ በፊት ውጤት ያለበትን ዓምድ በወረቀት ሸፍኚው። አለበለዚያ ታሪኩ ይቀርና ያምናው ማርክ ይታረምልን ብለው ይይዙሻል።